ሼርሎክ ሆምስ በአዲስ ፊልም፦ ባርኔጣው ወይስ ማስረጃው?

(በመካነ ኢየሱስ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የወንጀል ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ መርማሪ ይሆናል። በእስቴ በሬ ጠፋ ሲባል፣ በስማዳ የእህል ክምር ተቃጠለ ሲባል፣ በጋይንት ጎተራ ተሰበረ ሲባል፣ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ጥፋተኛውን ያገኘዋል። «እገሌ ነው» ለማለት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። «በምን ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሹን ሳይመጣ ይቀራል። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና የፖሊስ መርማሪው እንጀራቸውን የሚበሉት በዚህች በዘገየችው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ርእስ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም ከሙያው የራቀ አይደለም። ርእሱ አንድ የእንግሊዝ ልብ ወለድ መርማሪ በአዲስ ፊልም በቀረበ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ አንባቢዎቹ ያሰሙት ቅሬታና ድጋፍ ነው። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የባርኔጣና የቡጢ ክርክር ነበር። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን አንድ መርማሪን መርማሪ የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ይህም ጥያቄ የእስቴን፣ የጋይንትንና የስማዳን ሰው የሚመለከት ነው።

መርማሪው ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል ነው። የመጀመሪያው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1887 ታተመ፤ የመጨረሻው በ1927 ወጣ። በነዚህ 40 ዓመታት ውስጥ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር፣ በጠቅላላው 60 ታሪኮች ተጽፈዋል። ደራሲው ለመርማሪው አርአያ ያደረገው በኤዲንብራ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማረውን ሐኪሙን ጆሴፍ ቤልን ነበር። ቤል ገና በሽተኛው ሳይናገር ከእጁ፣ ከአረማመዱና ከልብሱ ተነሥቶ ሥራውንና የመጣበትን ስፍራ በመንገር ተማሪዎቹን ያስደንቅ ነበር። ሆምስም እንደዚሁ ከጫማ ጭቃ፣ ከትንባሆ አመድና ከእጅጌ ጫፍ ተነሥቶ የሰውን ታሪክ ያነባል። የታሪኮቹ አብዛኛው ተራኪ ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ነው፤ እርሱም በአፍጋኒስታን ጦርነት በማይዋንድ ውጊያ ቆስሎ የተመለሰ የጦር ሐኪም ነው።

ይህ መርማሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009፣ ማለትም በ2002 ዓ.ም.፣ በዳይሬክተሩ በጋይ ሪቺ አማካይነት በአዲስ መልክ ለሲኒማ ቀረበ። ሆምስን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር፣ ዋትሰንን ጁድ ሎው፣ ክፉውን ሎርድ ብላክዉድን ማርክ ስትሮንግ ተጫወቱ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አስገባ፤ ዋናው ተዋናይም የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተቀበለበት። በ2011 ደግሞ ተከታዩ ክፍል ወጣ።

ተመልካቹ ሲደሰት የመጻሕፍቱ ወዳጆች ግን ለሁለት ተከፈሉ። ቅር የተሰኙት ያቀረቡት ክስ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው፣ ያ ጭምትና አሳቢ ሰው ደረቱን አራቁቶ በቡጢ የሚደባደብ ጎረምሳ ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የታወቀው ባርኔጣውና ጎባጣ ፒፓው ቀረ፣ ልብሱና ቤቱም ተዝረከረከ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ፍንዳታውና ሩጫው በዝቶ ማሰላሰሉ ተዋጠ የሚል ነው።

ክሶቹ እንደ ማንኛውም ክስ በማስረጃ መመዘን አለባቸው። የመጀመሪያው ሲመረመር አይጸናም። በ1887ቱ ታሪክ ዋትሰን የጓደኛውን ችሎታ ሲዘረዝር በዱላ፣ በቡጢና በጎራዴ ብርቱ መሆኑን ጽፏል። በ1890 በወጣው ሁለተኛው ረጅም ታሪክ ውስጥም የአንድ ቤት በር ጠባቂ የሆነ የቀድሞ ቡጢኛ ሆምስን የሚያውቀው ከእርሱ ጋር ሦስት ዙር በመጋጠሙ ነው። ፊልሙ ይህን አጋነነው እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለተኛውም ክስ እንደዚሁ ነው። ሁለት ቆብ ያለው የአዳኝ ባርኔጣ የመጣው ታሪኮቹ በስትራንድ መጽሔት ሲታተሙ ሥዕሉን ከሚሥለው ከሲድኒ ፓጄት ብዕር ነው። ጎባጣው ፒፓ ደግሞ የሚያያዘው ከ1899 ጀምሮ ሆምስን በመድረክ ከተጫወተው አሜሪካዊ ተዋናይ ከዊልያም ጂሌት ጋር ነው። «ይህማ ቀላል ነው፣ ውድ ዋትሰን» የሚለውና ሁሉም የሚያውቀው አነጋገር እንኳ በዚያ መልኩ ከስልሳዎቹ ታሪኮች በአንዱም ውስጥ አይገኝም። ሕዝቡ ለመጽሐፉ ተቆርቁሮ የጮኸ መስሎት ለሠዓሊውና ለተዋናዩ ጮኸ ማለት ነው። ይህ ለሕግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምስክር ያየውንና የሰማውን አቀላቅሎ ሁለቱንም «አየሁ» ሲል በየችሎቱ ይታያል።

በአንድ ነገር ደግሞ አዲሱ ፊልም ከአንዳንድ የቀድሞ ፊልሞች ይልቅ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው፤ ይኸውም በዋትሰን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1946 ቤዚል ራትቦን ሆምስን በተጫወተባቸው 14 ፊልሞች ውስጥ ዋትሰንን የተጫወተው ናይጅል ብሩስ ሰውየውን ተላላና አስቂኝ ሽማግሌ አድርጎት ነበር። የጁድ ሎው ዋትሰን ግን ወታደር ነው፣ ሐኪም ነው፣ ጓደኛውን የሚገሥጽ ሰው ነው።

አንባቢው ለምን ይቆጣል?

ይህ ዓይነቱ ቁጣ በ2009 አልተጀመረም። ኮናን ዶይል በገዛ ፈጠራው ተሰላችቶ በታኅሣሥ 1893 ሆምስን በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ሥር በጣለው ጊዜ ከ20,000 በላይ ሰዎች የስትራንድ መጽሔት ደንበኝነታቸውን እንደ ሰረዙ ይነገራል። ደራሲው በመጨረሻ ተሸነፈ፤ በ1903 መርማሪውን ከሞት አስነሣው። በ1942 ደግሞ የራትቦን ፊልሞች ሆምስን ከፈረስ ጋሪ አውርደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከናዚዎች ጋር አጋጠሙት። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ2010 ሞባይል ስልክ አስይዞ በዛሬዋ ለንደን ሲያስኬደው፣ ዋትሰን ከዘመናችን የአፍጋኒስታን ጦርነት ተመላሽ ሆኖ ሲቀርብ፣ ብዙዎች ተደነቁ። ታሪክ ራሱን ደግሞ ስለ ነበር የመቶ ሠላሳ ዓመቱ ቁስል እንደ አዲስ ቁስል ሊታይ ቻለ።

በዚያው ተከታታይ ፊልም ላይ ግን በ2012 ሌላ ቅሬታ ተነሣ። በ1891ዱ ታሪክ አይሪን አድለር የተባለችው ሴት ሆምስን በብልሃት ቀድማ ታመልጠዋለች፤ እርሱም መሸነፉን ያምናል። በአዲሱ ፊልም ግን እርሷ ተሸናፊ፣ እርሱም አዳኟ ሆኖ ታሪኩ ተዘጋ። ተቺዎቹ የ1891ዱ ደራሲ ለሴቲቱ የሰጣትን ድል የ2012ቱ ነጠቃት አሉ። ይህ ቅሬታ ከባርኔጣው ቅሬታ የተለየ ነው፤ የሚመሠረተው በጽሑፉ ላይ፣ ያውም በታሪኩ አጥንት ላይ ነውና።

ነገሩ ለፍርድ ቤትም ደርሷል። በ2020 የሆምስን እኅት ታሪክ በሚተርከው በኢኖላ ሆምስ ፊልም ምክንያት የደራሲው ወራሾች በአሜሪካ ክስ መሥርተው ነበር። ክርክራቸው፣ የቀደሙት ታሪኮች የሁሉም ንብረት ቢሆኑም ሆምስ ለሰው የሚያዝንና የሚራራ ሆኖ የተሣለው የባለቤትነት መብታቸው ገና ባላለቀ በመጨረሻዎቹ ታሪኮች ነው የሚል ነበር። ርኅራኄ የግል ንብረት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብይን ሳያገኝ ክሱ በዚያው ዓመት ተቋረጠ። ከጥር 2023 ወዲህ በአሜሪካም ሁሉም ታሪኮች ነጻ ሆነዋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባበት የመቃወም የሞራል መብትም ይሰጠዋል። መብቱ ካለቀ በኋላ ግን ለጽሑፉ የሚከራከርለት አንባቢው ብቻ ነው።

ይህ ስሜት ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ባዕድ አይደለም። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ጉዱ ካሣ በሌላ ድምፅ ሲናገር ቢሰማ ጆሮው ይታገለዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የሰጠው ተራኪው ነው። ሆኖም ከዓባይ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያ ድምፅ የመጽሐፉ አካል ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ድጓ፣ ብዙ ዜማ

ታዲያ የጥንት ሥራ በአዲስ መልክ ሲቀርብ ምኑ ቢለወጥ ነው ሥራው ጠፋ የሚባለው? ለዚህ ጥያቄ የጋይንት ምድር የቆየ መልስ አላት። የቅዱስ ያሬድ ድጓ አንድ ነው። አዜማመሙ ግን ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባለ ይለያያል። ከነዚህ መካከል ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት በጋይንት ያለችው ደብር ናት። የቤተልሔሙ ተማሪ የአጫብሩን ሲሰማ አዜማመሙ ከራሱ ቤት እንደሚለይ ወዲያው ያውቃል፤ ነገር ግን ድጓ አይደለም አይልም። ቃሉን የጣለ፣ ምልክቱን ያፈረሰ ግን ከየትኛውም ቤት ቢሆን በመምህሩ ይታረማል። ቤቶቹ በአዜማመም ይለያያሉ እንጂ ቃሉን ለመለወጥ ፈቃድ ያለው ቤት የለም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሆምስ ባርኔጣ፣ ፒፓና የፈረስ ጋሪ የአዜማመም ጉዳይ ነው። ቃሉስ የቱ ነው? ቃሉ «በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። በአብዛኞቹ ታሪኮች ሆምስ ጥፋተኛውን ከጠቆመ በኋላ እንዴት እንደ ደረሰበት ደረጃ በደረጃ ይናገራል። ዋትሰንም እዚያ ያለው ስለ ማድመቂያ አይደለም። ተመሳሳዩን ነገር በተመሳሳይ ዓይን አይቶ ያልደረሰበት ሰው በመሆኑ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት ያለው እርሱ ነው፤ አንባቢውም በእርሱ በኩል ይጠይቃል። መርማሪው የሚታመነው ሥልጣን ስላለው አይደለም፤ መንገዱን ስለሚያሳይና ሌላውም ሄዶ ሊያረጋግጠው ስለሚችል ነው። ሲሳሳትም ስሕተቱ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ቢጫው ፊት በተባለው የ1893 ታሪክ ሆምስ ግምቱ ፍጹም ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ወደ ፊት በራሱ ሲመካ ያችን የተሳሳተባትን መንደር ስም በጆሮው እንዲያንሾካሹክለት ዋትሰንን ይለምነዋል።

እንግዲህ ሦስተኛው ክስ፣ ማሰላሰሉ ተዋጠ የሚለው፣ ከሁሉም የከበደ ክስ ነው። ፊልሙም በከፊል ጥፋተኛ ነው። ምልክቶቹ በተመልካቹ ዓይን ፊት በጣም ፈጥነው ስለሚያልፉ እርሱ ራሱ ሊመረምራቸው አይችልም። ሆኖም ለፊልሙ የሚቆም አንድ ትልቅ መከላከያ አለ። ሎርድ ብላክዉድ ተሰቅሎ ከሞተ በኋላ ከመቃብር የተነሣ፣ በአስማትም የሚገድል መስሎ ለንደንን ያሸብራል። በመጨረሻው ላይ ሆምስ ገና ተሠርቶ ባላለቀው የታወር ድልድይ ላይ ቆሞ ተአምር የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈታዋል፤ የሞት መምሰያው ከአበባ የተገኘ መርዝ ነው፣ እሳቱም የተቀጣጣይ ፈሳሽ ሥራ ነው። ፊልሙ ባርኔጣውን ቢጥልም ይህን አልጣለም።

አውጫጭኝና ሌባ ሻይ

«በምን ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ ሲቀር ምን እንደሚደርስ የኢትዮጵያ የፍትሕ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ ይሰበሰብ ነበር። እያንዳንዱ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። በአደባባይ ለመናገር የፈራው ደግሞ ስሙ ሳይገለጥ «ወፍ» ተብሎ በምስጢር ይጠቁማል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ሕዝቡ በጋራ ካሣ ይከፍላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ዘ አፈርሳታ የተባለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱን የጻፈው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው፤ ታሪኩም ቤቱ የተቃጠለበትን አንድ የገጠር ሰውና የተጠራውን ጉባኤ ይከተላል።

አውጫጭኝ መልካም ጎን ነበረው። ጎረቤት ለጎረቤቱ ንብረት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ነገሩም በሕዝብ ፊት ይጣራል። ጉድለቱ ግን ከወፉ ላይ ነው። ወፍ አይጠየቅም፤ የት ቆሞ እንዳየ፣ ጨለማ እንደ ነበረ ወይም ጨረቃ፣ ከተጠቆመው ሰው ጋር የወሰን ጠብ እንዳለው ማንም አያጣራም።

ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር እንዲጠጣ ተደርጎ፣ ወገቡ ታስሮ በመሪው እጅ ተይዞ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ለምን እዚያ እንደ ወደቀ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። በዚህ ዓይነት ንብረቱንና ስሙን ያጣው ሰው ይግባኝ የሚልበት ፍሬ ነገር አልነበረውም፤ በተሳከረ ሕፃን ላይ ይግባኝ አይባልምና። የፊልሙ ብላክዉድና ሌባ ሻይ በዚህ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የሚነግሡት መንገዱ በማይጠየቅበት ስፍራ ነው።

እንግሊዝም ብትሆን ከዚህ ዓይነት ጥፋት ነጻ አልነበረችም። በ1903 ጆርጅ ኢዳልጂ የተባለ፣ አባቱ ህንዳዊ ቄስ የሆነ ጠበቃ፣ በስታፎርድሽየር በሌሊት ፈረስ ወግቷል ተብሎ 7 ዓመት ተፈረደበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈታ፤ ነገር ግን ስሙ አልጸዳም፣ ሙያውም አልተመለሰለትም። ኮናን ዶይል ሰውየውን ሊያገኘው በሄደ ጊዜ ጋዜጣውን ከዓይኑ አስጠግቶ ሲያነብ አየው። ይህ ሰው በቅርብ ያለውን እንኳ ለማየት እየተቸገረ፣ በጨለማ ሜዳና የባቡር ሐዲድ አቋርጦ ከብት ወግቶ ሊመለስ እንዴት ይችላል? ጸሐፊው በ1907 መንገዱን ሁሉ በጋዜጣ ላይ አሳየ፤ ኢዳልጂም ከዋናው ክስ ምሕረት ተሰጠው፣ ካሣ ግን አልተከፈለውም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቋቋመች፤ ለመቋቋሙም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጉዳይ ነበር። ሆምስ በልብ ወለድ ያደረገውን ፈጣሪው በእውነት አደረገው፤ ለዚያም ባርኔጣ አላስፈለገውም።

የተመልካቹ ፈንታ

በኢትዮጵያ ብዙ ከተሞች የውጭ አገር ፊልም ከሚታይበት መንገድ አንዱ ትርጉም ፊልም የሚባለው ነው። በዚህ አቀራረብ ተርጓሚው በራሱ ድምፅ የተዋናዮቹን ንግግር በአማርኛ እየተረከ፣ ቀልድም እየጨመረ ያሳልፋል። ይህ ራሱ ሌላ ዜማ ነው፤ ውበትም አለው። ነገር ግን ቡጢው ያለ ትርጉም ሲታይ ማብራሪያው በትርጉም ያጥራል። ሆምስ ለአምስት ደቂቃ ያስረዳው ነገር «በቃ፣ ደረሰበት» በሚል ቃል ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ከመርማሪው የሚቀረው ሁሉን የሚያውቅ ጠንቋይ ነው። እንዲህ ያለውን መርማሪ የለመደ ተመልካች በገዛ ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሲመጣ የሚጠብቀው ያንኑ ነው፦ ቶሎ ይያዝ፣ ቶሎ ይመን፣ ቶሎ ይታሰር። «መርማሪ ከሆንክ እንዴት አታውቅም?» የሚለው ቁጣም ከዚሁ ይመነጫል። መርማሪውም ሕዝቡን ለማስደሰት ሲል ማስረጃውን ትቶ ቃል ማውጣት ላይ ቢያተኩር ሌባ ሻይ ዩኒፎርም ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የማይናገርበትን መብት አረጋግጧል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው አዟል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በሕግ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ደንግጓል። የነዚህ ድንጋጌዎች ፍሬ ነገር ከሆምስ ማብራሪያ ጋር አንድ ነው። መንግሥት አንድን ሰው ከመቅጣቱ በፊት መንገዱን ያሳይ፣ ተከሳሹም ያንን መንገድ ተከትሎ ሄዶ ስሕተቱን የማውጣት ዕድል ይኑረው ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

መርማሪው ነገም በሌላ ፊልም ይመጣል። ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በመኪናም ይሂድ በበቅሎ፣ ለተመልካቹ ሊከብደው አይገባም። አንድ ቀን ኢትዮጵያዊ የፊልም ሰው ያንኑ መርማሪ ነጠላ አልብሶ በእስቴ ገበያ ቢያቆመው፣ ሆምስ አይደለም ብሎ ለመከራከር የሚያበቃ ምክንያት አይኖርም። መርማሪው የተጠረጠረውን ጎረቤት በሕዝብ ፊት ሳያስገድድና ሳያዋርድ ጭቃውን፣ ገመዱንና የበሬውን ዱካ አይቶ «በዚህ፣ በዚህና በዚህ ታወቀ» ብሎ ያስረዳ እንደ ሆነ ድጓው አልጠፋም። ይህን ከተወ ግን ባርኔጣው ቢሟላም፣ ፒፓውም ቢጤስ፣ በሌባው ፈንታ የተያዘው ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያንንም የሚጠይቅ አይገኝም።